ነጋዴውን ስንወቅስ፣ እኛስ እንዴት ነው የምንገዛው?

ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና የሚጠጡ ወጣቶች መሃል የነጋዴ ነገር ከተነሳ ወሬው ቶሎ አያልቅም። አንዱ የዘይት ዋጋ ያነሳል። ሌላው ስኳር ስለተቀላቀለበት ማር ይናገራል። ሦስተኛዋ በቴሌግራም ያዘዘችውን ጫማ ታስታውሳለች፤ ፎቶው ሌላ፣ የመጣው ሌላ። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ «ነጋዴ ሐቅ የለውም።»

እውነት አላቸው። ግን የነገሩ ግማሽ ነው። እነዚሁ ልጆች ቡናቸውን ጨርሰው ሱቅ ይገባሉ። ባለሱቁ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላቸዋል። ያለ ደረሰኝ የሚቀንስ ከሆነ ምን እንደሚመልሱ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለ ንግድ ሥነ ምግባር የምናስበውና ስንገዛ የምናደርገው ነገር ለምን እንዲህ ይራራቃል? ጥያቄው የወሎ ወጣት ብቻ አይደለም። በብዙ አገር ለዓመታት ተጠንቷል። እኔ እዚህ ለማስረዳት የምሞክረው ጥናቱ ያገኘውን ነው፤ ምሳሌውን ግን ከገበያችን እወስዳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ወጣቶችን መጠይቅ አስሞልቶ «ሐቀኛ ነጋዴ ትመርጣለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስተማምንም። ሰው ሲጠየቅ ጥሩ ሰው ሆኖ መታየት ይፈልጋል። ስለዚህ መጠይቅ ላይ ከሚያደርገው የተሻለ ነገር ይሞላል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲነገራችሁ ትንሽ ቀንሳችሁ ስሙት።

የንግድ ሥነ ምግባር ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሕግን ነው። ሕግ ግን የሚከለክለው ዋና ዋናውን ብቻ ነው። ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ በሌለበት ቦታም የሚሠራ ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎችን በማስጠንቀቅ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 የሚከፈተው ሐሰተኛ ሚዛንን በማውገዝ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሸጡት ሙስሊሟና ክርስቲያኗ ቢያጎድሉ፣ ሁለቱም በየእምነታቸው እንደሚጠየቁበት ያውቃሉ። እህል የምትሸጥ እናት ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ እፍኝ አንስታ ከላይ ትመርቃለች። ያንን ያዘዛት ሕግ የለም።

የሚዛኑ ነገር ቀላል ነው፤ ማጉደል ነውር እንደሆነ ማንም አይከራከርም። የሚከብደው እንዲህ ያለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ለቀቀ። ወዲያው ብዙ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ተቀየረ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዘይት ግን የገባው በድሮው ዋጋ ነው። ይህ ሐቅ ነው ወይስ አይደለም?

ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽ እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ይህን የመሰለ ጥያቄ ለካናዳ ነዋሪዎች በስልክ አቅርበው ነበር። አንድ ባለሱቅ ለወራት የሚበቃ የኦቾሎኒ ቅቤ አከማችቷል። የጅምላ ዋጋ መጨመሩን ሲሰማ፣ እጁ ላይ ባለው ዕቃ ላይ ወዲያው ዋጋ ጨመረ። ከተጠየቁት ሰዎች 79 በመቶው ልክ አይደለም አሉ። ባለሱቁ ራሱ ተወዶበት ሲገዛ ግን፣ የጨመረበትን ያህል ቢጨምር ሰዎች ያን ያህል አይከፋቸውም። ማለትም ሰው የሚቆጣው በዋጋ መጨመር ሳይሆን በጭማሪው ምክንያት ነው። የደሴ ወጣትና የቶሮንቶ ነዋሪ እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ ነው ያላቸው።

የነጋዴው መልስ ግን መሰማት አለበት። «ይሄን በድሮው ዋጋ ብሸጠው ነገ በምን ልተካው?» ይላል። ሐሰት አይደለም። በትንሽ ካፒታል የሚሠራ ሰው የሸጠበት ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ ካላስገባለት ሱቁ ባዶ ይሆናል። እኔ ሁለቱን እንዲህ ነው የምለያቸው፦ ዋጋውን ለጥፎ፣ ምክንያቱን ተናግሮ የሚጨምረው ነጋዴ አለ። ዘይቱን ጓዳ ደብቆ «አልቋል» የሚለው ደግሞ አለ። ሁለተኛው ከሥነ ምግባር አልፎ ሕግም የሚጠይቀው ነገር ነው፤ ዕቃ መደበቅና ማከማቸት በአዋጅ የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ቅቤ እንሂድ። የማታለል ነገር ከአንድ ሰው ክፋት አልፎ እንዴት የገበያ በሽታ እንደሚሆን ከቅቤ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ገዢዋ ቅቤ ተራ ትደርሳለች። በጣቷ ጫፍ ቆንጠር ታደርጋለች። ታሸተዋለች። እጇ ጀርባ ላይ ቀባ አድርጋ ቀለሙን ታያለች። ሻጯም «ቅመሺው እታለም፣ የላም ነው» ትላለች። የሚረጋ ዘይት ተቀላቅሎበት ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሲነጠር ነው። ያኔ ሻጯ የለችም።

ንጹሑ ቅቤ 1,000 ብር፣ ቅይጡ 600 ብር ያወጣል እንበል። ገዢዋ ሁለቱን መለየት ካልቻለች ለንጹሑም 1,000 አትከፍልም፤ «ብታለልስ?» ትላለች። ስለዚህ መሃል ላይ ያለውን 800 ትጠራለች። በ800 ቅይጡን የምትሸጠው ደስ ይላታል፤ 200 አተረፈች። ንጹሑን ይዛ የመጣችው ግን በዚያ ዋጋ አያዋጣትም። ወይ ቅቤዋን ይዛ ትመለሳለች፣ ወይ እሷም መቀላቀል ትጀምራለች። በሚቀጥለው ገበያ የንጹሑ መጠን ይቀንሳል። ገዢውም ይህን ሲያውቅ ከ800 ወደ 700 ይወርዳል። እንዲህ እያለ ጥሩው ዕቃ ከገበያ ይወጣል።

ይህን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1970 የተነተነው ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው ይኸው ነው። ሐሳቡ ለእኛ የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ጨዋ ሰው ጨዋ ሆኖ ለመቆየት ዋጋ ይከፍላል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚጨምረው ሰው የሚጎዳው የእኛን ሆድ ብቻ አይደለም። አጠገቡ ንጹሕ በርበሬ ይዞ የተቀመጠውንም ከገበያ ያስወጣዋል።

እናቶቻችን ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። ደንበኛ ነው። ከማታውቂው አትገዢም። ከደንበኛሽ ትገዢያለሽ፤ ቢበላሽ ተመልሰሽ ትወቅሻታለሽ። ከሩቅ ስታይሽ ታፍራለች። ቅሬ (እድር) ላይ ትገናኛላችሁ፤ ለቅሶ ላይ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። እንዲህ ያለው ትውውቅ ከተቆጣጣሪ ይበልጥ ይሠራ ነበር። የአሁኑ ወጣት ግን ብዙ ዕቃ የሚገዛው ከማያውቀው ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ ያለው ሻጭ ቅሬው የት እንደሆነ ማን ያውቃል?

እስካሁን ያየነው የሻጩን ወገን ነው። ገዢውስ?

ጄምስ መንሲ እና ስኮት ቪቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 የገዢን ሥነ ምግባር በአራት መደብ ከፋፍለው አጥንተዋል። እስከዛሬም በብዙ አገር ወጣቶች የሚጠየቁት በዚያ መለኪያ ነው። አራቱን በእኛ አገር ነገር ላስቀምጣቸው።

የመጀመሪያው እያወቁ ማጭበርበር ነው። ያልተላከ ገንዘብ እንደተላከ አስመስሎ የቴሌብር መልእክት ፎቶ ማሳየት ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ሌላው ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ መጠቀም ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ስትመጣ ረዳቱ ተሳስቶ 100 ብር አብልጦ መለሰልህ፤ ኪስህ ከተትከው። ሦስተኛው ሕግ የማይጠይቅበት፣ ግን ንጹሕ ያልሆነ ነገር ነው። ስትከራከሪ «እዚያ ማዶ በ500 ብለውኛል» ትያለሽ፤ ማንም አላለሽም። አራተኛው ማንንም ያን ያህል አይጎዳም ተብሎ የሚታሰበው ነው፤ ለምሳሌ አንድ ሰዓት ሙሉ ልብስ ሲለኩ ቆይቶ ሳይገዙ መውጣት።

ከጥናቱ የወጣው ውጤት ግልጽ ነው። ሰው የመጀመሪያውን አጥብቆ ያወግዛል፤ ወደ አራተኛው ሲኬድ ፍርዱ እየላላ ይመጣል። ሌሎች ጥናቶችም ዕድሜ ሲጨምር ሰው ጥብቅ እየሆነ እንደሚሄድ፣ ወጣት ግን ይበልጥ እንደሚያልፍ ብዙ ጊዜ አሳይተዋል። ለምን እንደሆነ የራሴ ግምት አለኝ። ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ቆሞ ያውቃል፤ ሸጧል፣ ገዝቷል፣ ተታሏል። የ20 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የገዢውን ወገን ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ዝም ብሎ መጠቀም። «እኔ አልሰረቅኩም፣ እሱ ነው የሰጠኝ» እንላለን። ግን ያ ረዳት ማታ ሒሳብ ሲያስረክብ የጎደለውን ከራሱ ነው የሚሞላው። እሱም የእኛው ዕድሜ እኩያ ነው። ጉዳቱ ስለማይታየን ብቻ ነው የሚቀለን።

ሰው ልክ አይደለም ብሎ የሚያምነውን ነገር ሲያደርግ ለራሱ የሚነግረው ምክንያት አለ። ግሬሻም ሳይክስ እና ዴቪድ ማትዛ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1957 አጥንተውታል። እነሱ ያጠኑት ሕግ የጣሱ ታዳጊዎችን ነበር። ኋላ ግን የገዢን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎችም ተጠቀሙበት። አምስት ዓይነት ምክንያት ለይተዋል፤ አምስቱም እኛ ሰፈር በየቀኑ ይሰማሉ። «ምን ላድርግ፣ ኑሮው ነው።» «መቶ ብር ምን ይጎዳዋል?» «እሱ ሲያንሰው ነው፤ የሥራውን ነው ያገኘው።» «እነሱስ ሲበሉን አይደል የሚኖሩት?» «ለቤተሰቤ ብዬ ነው።»

አራተኛውን ልብ በሉት። የቡናው ላይ ወሬ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። «ነጋዴ ሐቅ የለውም» የሚለው ንግግር ቅሬታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሳናውቀው ለራሳችን ፈቃድ መስጫ ይሆናል። ነጋዴውን ሌባ ካልነው በኋላ፣ ከእሱ ላይ መውሰድ ስርቆት መስሎ አይታየንም። ነጋዴውም በበኩሉ «ገዢው ሁሉ አጭበርባሪ ነው» ብሎ ሚዛኑን ያጎድላል። ሁለቱም ወገን በሌላው ጥፋት ራሱን ያጸድቃል። በእኔ እምነት የወጣቱ ችግር ሥነ ምግባር ማጣት አይደለም። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ግን ሲፈርድ ራሱን ከፍርዱ ውጭ ያደርጋል።

የደረሰኙ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። 1,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ከታክሱ ጋር 1,150 ይሆናል። 150ው የነጋዴው ገንዘብ አይደለም። እሱ ሰብሳቢ ብቻ ነው፤ ከፋዩ ገዢው ነው። ያለ ደረሰኝ በ1,080 ሲሸጥልህ አንተ 70 ብር ተጠቀምክ፤ እሱ 80 ብር ያዘ፤ ለመንግሥት መግባት የነበረበት 150 ብር የለም። ብዙ ሱቅ ደግሞ 70ውንም አይቀንስልህም። 1,150ውን ሙሉ አስከፍሎህ ደረሰኝ አይቆርጥም። ታክስ ከፍለሃል፤ ታክሱ ግን ኪሱ ገብቷል። ይህን ሲያስረዷቸው ብዙ ወጣቶች ይናደዳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ደረሰኝ ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ነገር ፈላጊ የሚመስሉ ይመስላቸዋል።

ይህ ማፈር ትልቅ ነገር ነው። አይሴክ አጅዘን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ትንታኔ፣ ሐሳባችን ወደ ተግባር እንዲቀየር ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላል። የራሳችን እምነት፣ በዙሪያችን ያሉ ሰዎች ከእኛ የሚጠብቁት፣ እና «ማድረግ እችላለሁ» የሚል ስሜት። እምነቱ ብቻውን አይበቃም።

ፌስታልን አስቡ። ቦርከና ደሴን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ክረምት ላይ ዳርና ዳሩን ያየ ሰው ፌስታሉ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልገውም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። ወጣቱን ብትጠይቁት ፌስታል ጎጂ መሆኑን ያምናል። አንደኛው ነገር አለው ማለት ነው። ሁለተኛው ግን የለውም። አንድ የኮሌጅ ልጅ ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ ሲሄድ ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት ያውቃል። ሦስተኛውም ይጎድላል፤ ድንገት ከሥራ ሲመለስ ቲማቲም ልግዛ ቢል በምን ይይዘዋል? ስለዚህ ይህን ልጅ ስለ አካባቢ ጥበቃ ደጋግሞ ማስተማር ብዙም አይጠቅመውም። እሱማ ያውቃል። ታጥፎ ኪስ የሚገባ የጨርቅ ከረጢት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ቦርከና ላይ ግን ፌስታል ብቻ አይደለም ያለው። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ በገባር ወንዞች በኩል እንደሚደርሰው በጥናት ታይቷል። ታች ያለው ገበሬ በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣል፣ ከብት ያጠጣል። እዚህ ላይ ሸማቹን «ኃላፊነት ይሰማህ» ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የአንዱ ሰው ምርጫ የማይደርስበት ቦታ አለ። ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያጣራ የሚያስገድደው ሕግና ተቆጣጣሪ ነው።

ስለ ገንዘብም እንዲሁ። ተመርቆ ሥራ ያጣን ልጅ ለምን ርካሹን ኮፒ ጫማ ገዛህ ብሎ መውቀስ ልክ አይደለም። ኪሱ የፈቀደለትን ነው የገዛው። ኮፒውን ኦርጅናል ብሎ የሸጠለት ሰው ግን ተጠያቂ ነው። ያለ ካርቶን፣ ያለ ደረሰኝ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ስልክ ሲቀርብለት ደግሞ ነገሩ ይለያል። ያ ስልክ ከማን እጅ እንደተነጠቀ መገመት አያቅትም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ወንጀል ነው። ገዢ ባይኖር ነጣቂውም ባልነጠቀ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ወጣቱ አሁን ገዢ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቴሌግራም ላይ ጫማ፣ ሽቶ፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ብዙ ነው። ፒያሳ ቡና ላይ ነጋዴ የሚያማው ልጅ ማታ ቻናሉ ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ ይለጥፋል። ዋጋ ለምን በኢንቦክስ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ አቅሙ ለመጥራት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ከውጭ ድረ ገጽ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ ሌላ ዕቃ መላክም የተከለከለው ማሳሳት ነው። «ቀብድ ላኩ» ተብሎ ቀብዱ ከተላከ በኋላ የሚዘጋ ቻናል ደግሞ ግልጽ ማጭበርበር ነው።

በሐቅ የሚሠሩትን ልጆች የሚጎዳቸው ያው የቅቤው ሒሳብ ነው። ገዢው መለየት ስላልቻለ ሁሉንም ይጠራጠራል። ስለዚህ ጨዋው ሻጭ የሚለይበትን ነገር ራሱ ማድረግ አለበት። ዋጋውን በግልጽ ይጻፍ። ዕቃውን በራሱ ስልክ፣ በደሴ ብርሃን ያንሳው። ኮፒ ከሆነ ኮፒ ነው ይበል። ሲደርስ አይቶ መክፈልን ይፍቀድ። ገዢም እነዚህን የሚያደርገውን መርጦ ከእሱ ይግዛ፤ 50 ብር ቢበልጥም። አቅም ላለው ሰው ማለቴ ነው።

ከዚሁ አዋጅ ብዙ ወጣት የማያውቃቸው ጥቂት መብቶች አሉ። ዕቃ ስላየህ ወይም ዋጋ ስለተከራከርክ ብቻ እንድትገዛ አትገደድም። ነጋዴ በአክብሮት ሊያስተናግድህ ይገባል፤ መሳደብና ማመናጨቅ አይችልም። የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ ከገዛህበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላለህ። የተሻለ ዋስትና ከተሰጠህ ደግሞ በዚያው ትጠቀማለህ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ጉድለት ያለበትን ዕቃ አይመለከትም።

አቤቱታው የሚቀርበው ለከተማው ንግድ መምሪያ ወይም በየክፍለ ከተማው ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። መጀመሪያ የምትጠየቀው መቼና ከማን እንደገዛህ ነው። ያንን የሚያረጋግጠው ደረሰኙ ነው። በ70 ብር ቅናሽ ደረሰኝ ያልወሰደ ሰው፣ የገዛው ስልክ ሳምንት ሳይሞላ ቢበላሽበት ወደ ሱቁ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው። ቴሌግራም ላይ የገዛ ሰው ደግሞ ቢያንስ የሻጩን ስም፣ የከፈለበትን የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት፣ ዕቃው የተለጠፈበትን ፎቶና ውይይቱን ሳያጠፋ 15 ቀኑ እስኪያልፍ ማስቀመጥ አለበት።